ኵርዓተ ርእሱ በመቅደላ፦ የለውጥ ንጉሥና የመሐላ ሥዕል



ለዛሬው ንግግር የሚያስፈልጉን ማስረጃዎች አብዛኞቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተመዘገቡ ስለሆኑ ዓመታቱን በዚያው እጠቅሳለሁ፤ የራሳችንን አቆጣጠር ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።

ከሩቅ አገር ሥዕል ልጀምር። ስኮትላንዳዊው ሠዓሊ ዴቪድ ዊልኪ በ1832 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ያቀረበው አንድ ታሪካዊ ሥዕል አለ። የስኮትላንድን ቤተ ክርስቲያን ከሮም የለየው ጆን ኖክስ በ1559 በሴንት አንድሩስ ከተማ፣ በመኳንንቱ ፊት ቆሞ ሲሰብክ ያሳያል። ሰባኪው ከሰገነቱ ላይ እጆቹን ዘርግቶ ወደ ፊት ተንጠራርቷል፤ ከግርጌው ያሉት ሰዎች ፊት ላይ ድንጋጤም፣ ቁጣም፣ ተመስጦም ይነበባል። ሥዕሉን የገዛው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን የበቃው ሰር ሮበርት ፒል ነው። የታሪክ ተማሪ በመጀመሪያ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር፣ ዊልኪ የሳለው ኖክስ ከሰበከ ከ270 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑን ነው። ሥዕሉ ስለ 1559 ከሚነግረን ይልቅ 19ኛው መቶ ዓመት ስለ ሃይማኖት ለውጥ የነበረውን እምነት ይነግረናል። እምነቱም ይህ ነው፦ አንድ ሰው በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ አፉን ሲከፍት አገር ይለወጣል።

በእኛም አገር በዚያው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያንን ለማስተካከል የተነሣ ኃይለኛ ሰው ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ። እርሱን በመስበኪያ ሰገነት ላይ ቆሞ የሚያሳይ ሥዕል አንፈልግም፤ የእርሱ ለውጥ የተነገረው በነጋሪትና በዐዋጅ፣ የተጠበቀውም በግዘትና በመሐላ ነው። ነገር ግን ከንጉሡ ጋር የኖረ፣ በመቅደላ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከአልጋው በላይ ተሰቅሎ የተገኘ አንድ ሥዕል አለ። በዚያ ሥዕል ውስጥ ያለው ሰው አይሰብክም። የእሾህ አክሊል ደፍቶ፣ ደሙ በግንባሩ ላይ እየወረደ፣ ዝም ብሏል። ስሙ ኵርዓተ ርእሱ ይባላል።

ከካህናት ጋር እስከ መጨረሻው የተጣላ ንጉሥ ይህን ሥዕል ለምን ከአጠገቡ አኖረው? ሥዕሉስ በ1868 ከአምባው ሲወሰድ የሄደው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ «ቅርስ ተዘረፈ» ብለን እናልፈዋለን። እኔ የምለው ግን የተወሰደው ጌጥ ሳይሆን ተቋም ነበር፤ ቃል ኪዳን የሚታሰርበት ተቋም። ደግሞም ያ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ሀብት በአንድ ተራራ ላይ ተከማችቶ በአንድ ቀን ሊጠፋ የቻለው ከራሱ ከንጉሡ የለውጥ ውጥን ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማውራት አስቸጋሪ ነው፤ ሆኖም ታሪክ ከምናጠና ሰዎች የሚጠበቀው ይኸው ነው።

ስለ አንድ ቃል ጥቂት ልበል። «ተሐድሶ» የሚለው ቃል ዛሬ በአገራችን የክስ ቃል ሆኗል፤ አንዱ ሌላውን የሚወቅስበት። ስለዚህ ለቴዎድሮስ ዘመን አልጠቀምበትም፤ «ለውጥ» ወይም «ማስተካከል» እላለሁ። ቴዎድሮስ አዲስ ትምህርት አላመጣም፤ ያለውን አንዱን ትምህርት ብቸኛ ለማድረግና የካህናቱን ኑሮ በመንግሥት ሚዛን ለመለካት ነበር የፈለገው።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ኵርዓተ ርእሱ ማለት «የራሱ መመታት» ማለት ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ወታደሮቹ ጌታን በመቃ ራሱን እየመቱ የዘበቱበትን ሰዓት ያስታውሳል፤ በሕማማተ መስቀል ዝርዝር ውስጥም ስሙ አለ። ሥዕሉ ከጉልላት የሚወርድ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ሰው በሁለት እጁ ይዞ ሊሸከመው የሚችል ትንሽ ገበታ ነው። ክርስቶስን ከወገቡ በላይ ያሳያል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ በአውሮፓዊ እጅ የተሣለ መሆኑን የሥዕል አጥኚዎች ይስማሙበታል፤ የሚከራከሩት ሠዓሊው የፍላንደርስ ሰው ነው ወይስ ፖርቹጋላዊ በሚለው ላይ ነው። ስለ ሥዕሉ ዘመናዊ ጥናት የምታነቡ ተማሪዎች የሪቻርድ ፓንክረስትንና የስታኒስላቭ ኾይናትስኪን ሥራዎች ከማንበብ አታመልጡም። አንደኛው የሥዕሉን ታሪክ፣ ሁለተኛው የአሣሣሉን ሥርዓት በዝርዝር ተከታትለዋል።

እኔን ግን ከሠዓሊው ማንነት ይልቅ የሚስበኝ በጎንደር የሆነው ነው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የነገሥታቱ ዜና መዋዕሎች ውስጥ ኵርዓተ ርእሱ እንደ ባለሥልጣን ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ንጉሡ ሲዘምት አብሮ ይዘምታል። መኳንንት ታማኝነታቸውን ሲያረጋግጡ በፊቱ ይምላሉ። በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ በስናር መንግሥት ላይ ዘምተው ሲሸነፉ ሥዕሉ በጠላት እጅ ወደቀ፤ ከእርሱም ጋር የመስቀሉ ግማደ ቅርስ። ያ ሽንፈት በሰው ቁጥር ብቻ የሚለካ አልነበረም። ሥዕሉ በብዙ ወርቅ ተዋጅቶ ወደ ጎንደር ሲመለስ ከተማዋ በደስታ ተቀበለችው። ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን ማንም «ይህ የፈረንጅ ሥዕል ነው፤ ሌላ እናሥል» አላለም። ወርቁ የተከፈለው ለእንጨቱና ለቀለሙ ሳይሆን በፊቱ ለተማሉት መሐላዎች ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ጎንደር የተመሠረተችው ከካቶሊካዊ ለውጥ ማግስት ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ስብከት የሮማን እምነት ተቀበሉ፤ አገሪቱ በደም ከታጠበች በኋላ በ1632 ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ሰባኪዎቹን አባረሩ። ዊልኪ ቢሆን ኖሮ ይሥል የነበረው እነዚያን ሰባኪዎች ነው፤ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በቤተ መንግሥት ሲሰብክ። ሆኖም ከካቶሊኩ ዓለም የመጣ ሥዕል ከፋሲለደስ ልጅ ልጆች ሠራዊት ፊት ተሸክመው የሚዘምቱበት ንዋየ ቅድሳት ሆነ። ሮማ ከምትገኘው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተቀዳው የእመቤታችን ሥዕልም እንዲሁ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያናት ውስጥ ሥር ሰደደ። ሰባኪው ተባረረ፤ ሥዕሉ ቀረ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ስብከት ከሰባኪው ጋር ይመጣል፣ ከሰባኪው ጋር ይጠየቃል። ሥዕል ግን አይከራከርም፤ የሚያነግሡት፣ የሚያጥኑት፣ የሚምሉበት ሰዎች ትርጉሙን ይሰጡታል። ስለዚህ ኵርዓተ ርእሱ ኢትዮጵያዊ የሆነው በትውልድ ሳይሆን በአገልግሎት ነው።

አሁን ወደ ቴዎድሮስ ልመለስ። ካሳ ኃይሉ ዙፋኑን ከመያዙ በፊት የገጠመው ችግር ከአንድ በላይ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ ቤተ ክርስቲያን በጸጋ፣ በቅባትና በተዋሕዶ ተከፋፍላ መኖሯ ነው። እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ መምህራንና የራሱ መስፍን ነበረው፤ የነገረ መለኮት ክርክር የግዛት ክርክር ሆኖ ነበር። በ1854 በአምባ ጫራ በተደረገው ጉባኤ ካሳና አቡነ ሰላማ ተስማሙ፤ ተዋሕዶ ብቸኛ ትምህርት ሆነ፤ አልቀበልም ያለ በንጉሡም በጳጳሱም ተያዘ። በቀጣዩ ዓመት በደረስጌ ማርያም አቡኑ ካሳን ቀብተው ቴዎድሮስ ብለው አነገሡ። አቡነ ሰላማ ግብጻዊ ናቸው፤ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1841 ነው። በካይሮ በእንግሊዝ ሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ተምረው ስለነበር ጠላቶቻቸው በዚህ ሲያሙአቸው ኖረዋል።

የሁለቱ ወዳጅነት የተሰነጠቀው በትምህርተ ሃይማኖት አይደለም፤ በመሬት ነው። ንጉሡ ለሠራዊቱ ደመወዝና ስንቅ ይፈልግ ነበር። የቤተ ክርስቲያን መሬት ግን ሰፊ ነበር፤ አገልጋዩም ብዙ። የቴዎድሮስ ሐሳብ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ ለእነርሱ የሚበቃ መሬት ይቅርና የቀረው ለገባር ገበሬ ተሰጥቶ ግብር ይክፈል የሚል ነበር። በወረቀት ላይ ስታዩት የተስተካከለ ስሌት ነው። የአንድን ደብር ኑሮ የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። መሪጌታው፣ ደብተራው፣ የቅኔ መምህሩ፣ ቆሎ ተማሪው፣ ድርሳን ጸሐፊው ሁሉ በዚያ መሬት ላይ ነው የሚኖረው። ከሁለቱ ቄስና ከሦስቱ ዲያቆን ውጭ የቀረው ሥራ ፈት ተደርጎ ተቆጠረ ማለት ነው። ሥዕልና መጽሐፍ የሚያፈራው ግን ይህ «ትርፍ» የተባለው ክፍል ነበር። ቴዎድሮስን እንደማደንቃቸው አልደብቅም፤ ይህ ስሌታቸው ግን ከሁሉ የከፋ ይመስለኛል።

ካህናቱ እምቢ አሉ፤ አቡኑም ከእነርሱ ጋር ቆሙ። በ1856 የመጣው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቄርሎስ ሳይቀር ከአቡኑ ጋር ለጥቂት ጊዜ ታስሯል። በ1860 ንጉሡ የመሬቱን ውጥን በኃይል ማስፈጸም ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም አመፅ የቤተ ክርስቲያን ቡራኬ አላጣም። በ1864 አቡነ ሰላማ መቅደላ ላይ ታሰሩ። በ1867 በጥቅምት ወር በዚያው በእስር አረፉ። ቴዎድሮስን ዘይት የቀቡ እጆች ከአምባው አልወረዱም።

ከዚህ ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከበሽሎ ሸለቆ በላይ የሚታየው ያ አምባ ለብዙዎቻችሁ የዩኒቨርሲቲ ስም ነው። በቴዎድሮስ ዘመን ግን እስር ቤትም፣ ግምጃ ቤትም፣ የመጨረሻ መሸሸጊያም ነበር። ንጉሡ አምባውን በ1855 የያዙት ከወሎ ባላባቶች ነው፤ ስለዚህ ለወሎ ሰው መቅደላ ከመጀመሪያው የድል ሐውልት አልነበረም። ምኒልክ በ1865 ከዚያ ሲያመልጡና የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ስታሳልፋቸው፣ በአምባው ታስሮ የነበረው ልጇ ከሌሎች እስረኞች ጋር ተገደለ። የመቅደላን ታሪክ ስናስተምር ይህን ገጽ አንዝለል፤ የሚያዳምጡን ተማሪዎች ግማሾቹ የዚያች እናት ወገኖች ናቸው።

በዚህ አምባ ላይ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ንጉሡ ታላቅ ደብር ሊያደርጉት አስበው ነበር፤ ለዚያም መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት አሰባሰቡ። አሰባሰቡ የሚለው ቃል ግን ለስላሳ ነው። በ1866 መጨረሻ ቴዎድሮስ ጎንደርን ዘረፉ፤ አቃጠሉም። ከቤተ ክርስቲያናቱ የወጡት ብራናዎች፣ ጽዋዎችና አክሊሎች ወደ መቅደላ ተጓዙ። ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የወርቅ ጽዋ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም ማርያም የሰጡት ነው፤ የስጦታው ቃል በላዩ ተቀርጿል። ከቁስቋም ወደ መቅደላ የወሰደው ማን እንደሆነ መጠየቅ የእንግሊዝን ጥፋት አያቀልም። ጥያቄውን መፍራት ግን የእኛን ታሪክ ጎዶሎ ያደርገዋል። ለውጡ ካህናቱን ሲበትን ንብረታቸውን ሰበሰበ፤ በአርባ አራት ደብር ተበትኖ ቢሆን ኖሮ ማንም በአንድ ቀን ሊያነሣው የማይችለው ሀብት በአንድ ተራራ ራስ ላይ ተከማቸ። ከጎንደር ነገሥታት ወደ ቴዎድሮስ እጅ የገባው ኵርዓተ ርእሱም በዚያ ነበር።

ንጉሡ ለምን በመኝታ ቤታቸው አኖሩት ለሚለው የእኔ ግምት አጭር ነው። ቴዎድሮስ የሰለሞናዊውን ዙፋን የያዙት በትውልድ ሳይሆን በክንድ ነው። የጎንደር ነገሥታት የሚማልበት ሥዕል በእርሳቸው እጅ መሆኑ ዘውድ ከመድፋት የማያንስ ማስረጃ ነበር። በካህናት ያላመነ ንጉሥ ሥዕሉን በካህናት እጅ አይተወውም። ከሰው ሁሉ ጋር የነበረው ቃል ኪዳን እየፈረሰ ሲሄድ፣ የቃል ኪዳኑ ምስክር ወደ አልጋው ቀረበ።

መጨረሻው በሰሙነ ሕማማት መጣ። በ1868 የእኛና የምዕራባውያን ፋሲካ በአንድ ቀን፣ በአፕሪል 12 ውሎ ነበር። ስለዚህ የአሮጌ ውጊያ የተደረገበት አፕሪል 10 በሁለቱም ወገን ስቅለት ነው። በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን የራሱን መመታት ታነባለች፤ ከመቅደላ በታች ባለው ሜዳ ደግሞ የንጉሡ ጭፍራ በጄኔራል ናፒየር ጠመንጃና ሮኬት ይረግፍ ነበር። እሑድ ፋሲካ ሆነ። በማግስቱ ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ እንግሊዞች ወደ አምባው ሲወጡ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ።

ከሠራዊቱ ጋር ሪቻርድ ሆምስ የሚባል ሰው ነበረ። በብሪቲሽ ሙዚየም የብራና ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ሙዚየሙ የላከው ጥንታዊ ዕቃ እንዲመርጥለት ነው። ሆምስ ሥዕልም ይሞክር ነበር። በዚያ ቀን የሞተውን ንጉሥ ፊት በእርሳስ ሣለ፤ ንድፉ ዛሬም ይታወቃል። ከዚያው ከንጉሡ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ኵርዓተ ርእሱን አወረደ። አንድ እጅ የቴዎድሮስን የሞት ፊት ቀዳ፤ ያው እጅ የክርስቶስን የሕማም ፊት ወሰደ። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስቀመጥ ለጸሐፊ ፈታኝ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም በእርግጥ ሆነዋል።

የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ ፈጠን ብዬ ልለፈው። አምባው ተቃጠለ። ምርኮው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም አፕሪል 20 እና 21 በጨረታ ተሸጠ። ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ሆምስ በሙዚየሙ ገንዘብ የገዛቸውና ያስመረጣቸው ወደ 350 የሚደርሱ ብራናዎች ለንደን ገቡ፤ ዊልያም ራይት በ1877 ባሳተመው ካታሎግ ተመዘገቡ። በዚያ ካታሎግ ኵርዓተ ርእሱን አታገኙም። ሆምስ ለሙዚየሙ አላስረከበውም፤ ለራሱ አስቀረው። የምርኮ ሕግ በሚባለው በራሳቸው ሥርዓት እንኳ ብንለካው ይህ ሌላ ዓይነት ነገር ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 1872፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። ዮሐንስ ያኔ የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ሳሉ ለናፒየር ጦር መንገድ የሰጡ፣ በምላሹም መሣሪያ የተቀበሉ ናቸው። አሁን ንጉሠ ነገሥት ሆነው የጠየቁት መድፍ አልነበረም። ሁለት ነገር ጠየቁ፦ ክብረ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍና ኵርዓተ ርእሱን። ምርጫቸውን አስተውሉ። ክብረ ነገሥት የንግሥናው ሐረግ ነው፤ ኵርዓተ ርእሱ የንግሥናው መሐላ ነው። በመቅደላ ከጠፋው ወርቅና ብር ሁሉ ዮሐንስ መንግሥት ለመግዛት የሚያስፈልጉትን ሁለቱን መረጡ። መጽሐፉ ተመለሰላቸው፤ ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ነበረው። ስለ ሥዕሉ ግን አልተገኘም የሚል መልስ መጣ። ሥዕሉን የወሰደው ሰው በዚያ ጊዜ በዊንዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ነበር። ደብዳቤው የተጻፈላት ንግሥትና የተጠየቀው ሥዕል በአንድ ሰው በኩል ይገናኙ ነበር፤ ሰውየው ዝም አለ።

በ1878 ዮሐንስ ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ምኒልክም በዚያ ነበሩ። ቴዎድሮስ በአምባ ጫራ የጀመሩት ክርክር እዚህ ተዘጋ፤ ተዋሕዶ ጸና፤ የሦስት ልደት ወገኖች ተሸነፉ፤ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ ታዘዘ። ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ በዚህ አካባቢ ያስከተለውን መከራ በሌላ ንግግር ልንመለስበት ይገባል። የነገሥታቱ የመሐላ ሥዕል በዚያ ጉባኤ አልነበረም፤ በእንግሊዝ አገር በአንድ ባለሥልጣን ቤት ነበር። ዊልኪን የመሰለ ሠዓሊ ለቦሩ ሜዳ ቢፈልግ ብዙ ሰባኪ ያገኝ ነበር፤ ሊቃውንቱ በሁለት ወገን፣ ነገሥታቱ በመካከል። እኔ ግን በዚያ ሥዕል ውስጥ ባዶውን ቦታ እፈልጋለሁ።

የሥዕሉ ቀሪ ጉዞ እንደ ሸቀጥ ጉዞ ነው። በ1905 በርሊንግተን የተባለው የለንደን የሥዕል መጽሔት ፎቶግራፉን አተመ፤ ከሥሩ የቴዎድሮስ እንደነበረና አሁን የሰር ሪቻርድ ሆምስ እንደሆነ ገለጸ። ከ33 ዓመት በፊት አልተገኘም የተባለው ነገር መሆኑ ነው። ሆምስ በ1911 ሞተ፤ ሚስቱ በ1917 በክሪስቲ የጨረታ ቤት ሸጠችው። በ1950 ዳግመኛ ተሸጠ፤ ያን ጊዜ የገዛው ሉዊስ ሬይስ ሳንቶስ የተባለ ፖርቹጋላዊ የሥዕል ታሪክ ሊቅ ነበር። እርሱ የፈለገው የአገሩን የጥንት ሠዓሊ ሥራ ነው። በ1998 ዘ አርት ኒውስፔፐር የተባለ ጋዜጣ ሥዕሉ በፖርቹጋል በግል እጅ መኖሩን አስታወቀ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው ሥዕሉ አውሮፓዊ ነውና ወደ አውሮፓ መሄዱ ምን አለበት የሚል ነው። መልሱን ቀደም ብዬ የሰጠሁ ይመስለኛል፤ የጎንደር ሰዎች ከ1744ቱ ሽንፈት በኋላ ወርቅ ከፍለው መልሰውታል። በግዢና በቤዛ፣ በጸሎትና በመሐላ ከ200 ዓመት ያላነሰ ጊዜ የኖረበት አገር ባለቤትነት፣ ቀለሙን ከቀላቀለው እጅ ዜግነት ያንሳል የሚል የሕግ ባለሙያ አላጋጠመኝም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፦ ቴዎድሮስ ራሳቸው የጎንደርን ደብሮች ዘርፈው የለም ወይ? አዎ፤ ዘርፈዋል። እንዲያውም ይህን በግልጽ ስንናገር ክርክራችን የሚጠነክር ይመስለኛል። የተዘረፈው ሀብት የቴዎድሮስ የግል ንብረት ካልነበረ፣ ከቴዎድሮስ ሬሳ አጠገብ በማንሣት «የጠላት ንጉሥ ንብረት» ሊሆን አይችልም። ጽዋው የቁስቋም ነው፤ ብራናው በኅዳጉ የተጻፈለት ደብር ነው። ባለቤቱ ንጉሥ ሳይሆን ደብር ከሆነ የንጉሡ ሞት ማንንም ወራሽ አያደርግም። ይህን ክርክር ያለ ፍርሃት ለማቅረብ ግን መጀመሪያ የንጉሡን ጥፋት ማንበብ አለብን።

ባለፉት ዓመታት የተመለሱ ነገሮች አሉ። በኤድንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት በ2002 ተመልሷል። ከቴዎድሮስ ራስ የተቆረጠው ጸጉር በ2019 ከለንደኑ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተመልሷል። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2018 በረጅም ጊዜ ውሰት የሚል ሐሳብ አቅርቧል፤ ለባለቤት ንብረቱን ማዋስ የሚለው አነጋገር በአማርኛ ሲነገር እንዴት እንደሚሰማ ለእናንተ እተወዋለሁ። ኵርዓተ ርእሱ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው በሙዚየም እጅ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ግለሰብና የፖርቹጋል መንግሥት ነው፤ ዮሐንስ የተከተሉት መንገድ፣ ከመንግሥት ለመንግሥት የሚጻፍ ደብዳቤ፣ ዛሬም አላረጀም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ለተመራቂ ተማሪዎች። ሠዓሊዎቻችን ኵርዓተ ርእሱን ሲቀዱት ኖረዋል። የእሾሁ አክሊል፣ የደሙ ነጠብጣብ፣ ከፍ ያሉት እጆች በግድግዳ ላይም፣ በሚታጠፍ ገበታ ላይም ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ለፊት ተሥለው ይገኛሉ። ዋናው ከሄደ በኋላም ቅጂው አልቆመም። ኾይናትስኪ ያጠናው አብዛኛው ከሰሜንና ከሙዚየም ስብስቦች ነው፤ ከበሽሎ ወዲህ ያሉት የአማራ ሳይንት፣ የቦረና፣ የተንታና የለጋምቦ ደብሮች ግን ደብር በደብር ሊታዩ ይገባል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የጨነቃችሁ ካላችሁ ይህ ነው። ወደ ደብሩ ስትሄዱ በመጀመሪያ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ። ሥዕሉን ብቻ ፎቶግራፍ አታንሡ፤ ከሥሩ የተጻፈውን የአሣዪውን ስም፣ «ዘአጽሐፎ» እና «ተማኅፀነ» ከሚሉት ቃላት ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ገልብጡ። ግድግዳው በአዲስ ቀለም ሲታደስ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ጽሑፍ ነው። ሽማግሌዎቹንም ጠይቁ፤ በዚህ ሥዕል ፊት ሰው ይምላል ወይ? የመሬት ጠብ፣ የጋብቻ ቃል፣ የደም እርቅ በፊቱ ታይቶ ያውቃል ወይ? መልሱን በሚናገሩበት ቃል እንዳለ ጻፉት።